ጦሳን ማየት ቅንጦት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ተፈጥሮንና ስሜትን ስለሚያስቀድሙት ስለ እንግሊዝ ሮማንቲክ ገጣሚዎች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ በርቱ። ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ፣ ሰዎቹ አበባና ወፍ ሲያደንቁ የኖሩ ተደርገው ነው የቀረቡት። ከነሱ አንዱ ዎርድስወርዝ እኮ ተፈጥሮን የሚያያት እንደ ስንቅ ነው።

በፈረንጆቹ 1798 የ28 አመት ልጅ ሆኖ ዋይ የሚባለው ወንዝ ዳር ከ5 አመት በኋላ ተመልሶ ሄደ፣ እና የሚለው ምንድነው፣ ከተማ ጫጫታ ውስጥ ብቻዬን ክፍሌ ቁጭ ብዬ ሲደክመኝ ያቆመኝ ይሄ ወንዝና ይሄ ገደል ነው፣ ደሜ ውስጥ ገብቶ ልቤን ያረጋጋኝ እሱ ነው፣ ዛሬ የማየውም ለሚመጡት አመታት ምግብ ይሆነኛል ነው የሚለው። ዳፎዲል የሚባሉትን ቢጫ አበቦችም ከእህቱ ከዶሮቲ ጋር ሀይቅ ዳር ያያቸው በ1802 ሆኖ ግጥሙን የጻፈው ከ2 አመት በኋላ ነው። ዶሮቲ ማስታወሻዋ ላይ አንዳንዶቹ አበቦች ደክሟቸው ድንጋዩን ተንተርሰዋል ብላለች (እኔ እንደውም ከሱ ግጥም የሷን አብልጬ ነው የምወደው)።

ይሄ ለኛ ለወሎዎች አዲስ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የሀገራችን ስም ናቸው። ደሴ ያደገ ሰው አዲስ አበባም ይኑር ጅዳ፣ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሁሉ ሸፍኖ ይቆይና ረፋድ ላይ ገለጥ ሲል መጀመሪያ ቆርቆሮው ከዛ ባህር ዛፉ ከዛ ተራራው ብቅ ብቅ የሚለው ነገር ከሆዱ አይወጣም።

ከዎርድስወርዝ ጋር አንድ የማልስማማበት አለ። በ1844 የ74 አመት አዛውንት ሆኖ ባቡር ወደ ዊንደርሜር ሀይቅ እንዳይገባ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፏል፣ እንዲህ ያለውን ውበት ማጣጣም በጊዜ የሚለመድ ስለሆነ ሰራተኛው በገፍ ቢመጣ አይጠቀምበትም ብሎ። በጭራሽ! ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሳምንቱን ሙሉ በማሽን ድምጽ ጆሮው ሲደነቁር የከረመ ልጅ እሁድ ሀይቅ ሄዶ ውሃው ዳር ቁጭ ሲል ማንም ሳያስተምረው ፊቱ ፍክት ሲል በአይኔ አይቻለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቦርከና ወንዝ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክና ገራባ ተሸክሞ ነው፣ ድልድይ ላይ የቆመ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። የዎርድስወርዝ ጓደኛ ገጣሚው ኮልሪጅ ለንደን ትምህርት ቤት ሲያድግ ከሰማይና ከከዋክብት በቀር የሚያምር ነገር አላየሁም፣ አንተ ግን ሀይቅና ተራራ ስር ታድጋለህ ብሎ ለህጻን ልጁ ጽፏል። የኛ ልጆች ተራራውም ወንዙም ደጃቸው ነው ያለው፣ ወንዙን ግን እኛው ነጠቅናቸው።

ስለዚህ አደራ፣ ስለ ቦርከና በሰፊው ጻፉልን፣ የትምህርት ቤት የስነጽሁፍ ክበብ ልጆች ስለ ወንዙ የሚጽፉትን ግጥም የምታወጡበት አንድ ጥግም ስጡን።

አክባሪያችሁ፣ ከደሴ