የሳይንስ ክበብ፦ ከብሎኑ ላይ የወጣው ቀይ ቀለም

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን ብሎን ሲለብጥ ነው የከረመው። «ይሄ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ልጆቹን ለምን ታስጨንቃቸዋለህ?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። የሠራነውን አይተው ቢፈርዱ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሰበረ አጥንት ለመጠገን በሚገባው ብረት ላይ ባክቴሪያ ሊለጠፍ ይችላል። ከተለጠፈ በኋላ እንደ ንፍጥ ያለ መከለያ ይሠራል፤ የሚዋጠውም የሚወጋውም አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ መድኃኒቱን ስስ ልባስ ውስጥ አድርጎ ብረቱ ላይ መቀባት ተጀመረ። ልባሱ ፒኤልጂኤ ከሚባለው ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) ከተሠራ፣ በሰውነት ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየፈረሰ መድኃኒቱን ይለቃል፤ ፍርስራሹንም ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። መጥፋቱ ለምን አስፈለገ? በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት የሚለቅ የልብ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ)፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ፕላስቲኩ እዚያው ይቀር ነበር። የሚጠፋ ልባስ ያለው እዚያው አገር የተፈቀደው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ መድኃኒት የለንም። ብሎኑን ቀይ የምግብ ቀለም ባለው ጄላቲን ለበጥነው። እንደ ሰውነታችን 37 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ውስጥ ስንከተው በደቂቃዎች ሟሟ። አንድ ወር ሙሉ እንደዚያ ባከነ። በኋላ ከባሕር አረም የሚገኘውን አልጂኔት ተጠቅመን በካልሲየም አጠነከርነው፤ ያዘ። ብሎኑን በየ10 ደቂቃው ወደ አዲስ ብርጭቆ እያዛወርን መስኮቱ ሥር ደረደርናቸው። የመጀመሪያው ደማቅ ቀይ፣ ሁለተኛው ሮዝ፣ የመጨረሻው ውኃ የሚመስል። ልጆቹ አንድም ቃል ሳልናገር ገባቸው፦ መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ በብዛት ይወጣል፤ ተመራማሪዎችንም የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው።

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። የሆስፒታሉን ጉብኝት ግን ሳልናገር አላልፍም። የአጥንት ሐኪሙ ከታካሚ የወጣ የታይታኒየም ዘንግ አሳዩን። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ዝም የምትል አንዲት ልጅ ተቀብላ ረዘም ላለ ጊዜ በመዳፏ ያዘችው። «እኔም እግሬ ውስጥ ነበረኝ» አለች። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለተኛ ጊዜ መቀደዷን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዚያ ሐኪሙን ጠየቀቻቸው፦ «ብረቱ ላይ መድኃኒት ቢኖር ኖሮ ድጋሚ አልቀደድም ነበር?» እሳቸውም አላታለሏትም። «እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ ግን ዕድሉን ይቀንሰው ነበር» አሏት። አውቶብስ ውስጥ ስንመለስ አጠገቧ ተቀምጬ ምንም ማለት አልቻልኩም።

አሁን የክበቡን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት።

ውኃውን 37 ዲግሪ ላይ ያቆየነው ከቤቴ ባመጣሁት ቴርሞስ ነው። ለስፖርት ማሊያ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ አይከፋኝም፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። እኛ የምንጠይቀው ሙቀቱን የሚጠብቅ አንድ የውኃ ገንዳና የግራም መቶኛን የሚያነብ ሚዛን ነው። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ማክሰኞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ብቅ በሉ። ብርጭቆዎቹ አሁንም መስኮቱ ሥር ናቸው።