ለአባባ፣ ስለ ኩምበርላንዱ የሙዚቃ ጉዞ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፈው በሜይ መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ኩምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ወደሚደረገው ዴልፌስት የብሉግራስ ፌስቲቫል አብረውን እንዲመጡ ስለምፈልግ ነው። በስልክ «በዚህ ዕድሜዬ ድንኳን ውስጥ ምን እሠራለሁ?» ብለውኛል። እንግዲህ ነገሩን በዝርዝር ላስረዳዎትና ከዚያ ይወስኑ።

በቅድሚያ ሙዚቃውን። ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ከበሮ የለውም። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ቆመው የሚጫወቱት ትልቅ ቤዝ ነው ያለው። ምቱን የሚይዙት ቤዙና ማንዶሊኑ ናቸው፤ ከአራቱ ምቶች ቤዙ አንድና ሦስት ላይ ሲረግጥ ማንዶሊኑ ሁለትና አራት ላይ ክሮቹን አፍኖ «ቸክ» ያደርጋል። ጆሮዎ ይህን ከለየ የቀረው አይከብድዎትም። የጀመረው ቢል ሞንሮ የተባለ የኬንታኪ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ኧርል ስክራግስ የሞንሮን ባንድ ሲቀላቀል ባንጆን በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሃል ጣት እያፈራረቀ የሚመታበት ስልት የሙዚቃው መለያ ሆነ። ባንጆው ራሱ ግን የእኛው አህጉር ነው፤ ዘሩን ይዘው የተሻገሩት በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ናቸው። ይህን እዚያ ብዙ ሰው አያነሳውም፤ እርስዎ ግን መሣሪያውን ሲያዩት እንዲያስቡት እፈልጋለሁ።

ብዙዎቹ ዜማዎች የሚመላለሱት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ነው። ቃሉን ባይሰሙ እንኳ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ ማሲንቆዎን ይዘው ይምጡልኝ። በመድረኩ ሰዓት አይደለም፤ ማታ በየድንኳኑ ደጃፍ ሰው ክብ ሠርቶ ይጫወታል፣ ለእኔ ከመድረኩ የሚበልጠውም ይሄ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ አንዱ የዘፈኑን ስምና ቅኝቱን ይናገራል፤ ከዘፈኑ መሃል ተራ በተራ እያንዳንዱ ለብቻው ይጫወታል፤ ተራው ሲደርስ መዝለል የፈለገ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዘፈኑን የጀመረው ሰው አንድ እግሩን ከመሬት ሲያነሳ ሁሉም አብሮ ያቆማል። ዘፋኙ ሲዘፍን ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባንጆ ኃይለኛ ስለሆነ ማሲንቆውን ይውጠዋል፤ ከቫዮሊኑ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ቅኝት ሶል ነው፤ ቫዮሊን ያዡን ወፍራሙን ክር እንዲመታልዎት ይጠይቁትና ጭራውን በእሱ ይቃኙ። ከዚያ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬና ሚ ላይ ከቆዩ አይሳሳቱም።

ሜዳው ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ስለሆነ ከምሽት በኋላ ጤዛው ከባድ ነው። የማሲንቆው ቆዳ ይረጥብና ይላላል፣ ድምፁም ይፈዛል። ያልተጫወቱበትን ሰዓት በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ከረጢት ውስጥ ያድርጉት። ቀን መኪና ውስጥ ግን በፍጹም አይተውት፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ ቆዳውንም ሊሰነጥቀው ይችላል። የጓደኞቼም ጊታሮች ሕጋቸው ይኸው ነው።

መድረክ ፊት ያለው ቦታ ለእርስዎ አይሆንም። እንዲህ ባሉ ፌስቲቫሎች ፊት ለፊት የሚፈቀደው ከመሬት ብዙም የማይርቅ ወንበር ነው፤ ከዚያ መነሳት ደግሞ ለጉልበትዎ ፈተና ነው። መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ገዝቼልዎታለሁ፤ ከኋላ፣ ድምፁን የሚያስተካክሉት ሰዎች ካሉበት ጠረጴዛ አካባቢ እናስቀምጠዋለን። ሙዚቃው ተስተካክሎ የሚሰማው እዚያው ስለሆነ ምንም አይቀርብዎትም። ፌስቲቫሉ የተሰየመበት ዴል ማኩሪ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሲጫወት እንዳያመልጠን፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፣ በ1963 ከቢል ሞንሮ ጋር ይዘፍን ነበር። ልጆቹ አንዱ ማንዶሊን፣ አንዱ ባንጆ ይዘው አባታቸውን ግራና ቀኝ አጅበው ሲቆሙ እርስዎ እንዲያዩት በጣም እመኛለሁ።

መኝታን በተመለከተ፣ መሬት ላይ አይተኙም። ታጣፊ አልጋ አለ። የብዙ ሰው ስህተት ብርድ ልብሱን ሁሉ ከላይ መደረቡ ነው፤ ታጣፊ አልጋ ላይ ብርዱ የሚገባው ከታች ነው። ስለዚህ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ከሥር፣ ጋቢዎ ከላይ። ቀኑ 25 ዲግሪ ሲሆን ሌሊቱ ወደ 10 ሊወርድ ይችላል፤ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ይያዙ። ድንኳኑን ዝቅ ያለው የወንዝ ዳር ላይ አንተክልም፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው የሚተኛው እዚያ ነው። ከመጸዳጃው 50 ሜትር ያህል ርቀን፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ እኛ በማያመጣበት በኩል እንሰፍራለን። ሌሊት ለመነሳት የግንባር መብራት አዘጋጅቻለሁ፤ የድንኳን ገመድ እግር የሚጠልፈው በጨለማ ነውና ያለ እሱ አይውጡ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ድንኳን መጠለያ አይሆንም፣ መኪና ውስጥ እንገባለን፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አንወጣም። መዥገርም በዚያ ወቅት ብዙ ነው። ረጅም ሱሪ ለብሰው ጫፉን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ማታ ማታ ከጉልበት በስተኋላ፣ ብብትና ወገብ አካባቢ እንፈትሻለን። ተጣብቆ ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቅቤም ሆነ እሳት አያስፈልገውም። ላይም የሚባለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው መዥገሩ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቆ ከቆየ ስለሆነ፣ በየማታው ከፈተሽን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል።

ምግቡን ለእኛ ይተውት። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ቢሆን ጾም የለም። ዶሮ ወጡ ቀድሞ ተሠርቶ በረዶ ሆኖ ይሄዳል፣ ሌላውንም ምግብ ያቀዘቅዝልናል። እንጀራውን በረዶው ላይ አናስቀምጥም፣ ይፈረፈራል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ አለ። ቡናው በጀበና ውጭ ይፈላል፤ ድንኳን ውስጥ ምድጃ አይለኮስም፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

የምንነሳው ዓርብ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ከቀትር በኋላ 270 የተባለው አውራ ጎዳና በመኪና ይጨናነቃል። በፍሬድሪክ፣ ከዚያ በሃንኮክ አድርገን 68 የተባለውን አውራ ጎዳና እንይዛለን፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ተራራው ለመንገዱ ሲባል የተቆረጠበት ሳይድሊንግ ሂል ላይ እናርፋለን፤ የዓለቱ ንብርብር ከመኪና ማቆሚያው ይታያል፣ እግርዎንም ያፍታታሉ።

አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ እፈልጋለሁ። የሚያሸናውን የደም ግፊት ክኒን ሙቀት ላይ ሲውሉ እንዴት እንደሚወስዱትና ውኃ ምን ያህል መጠጣት እንዳለብዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በራስዎ አያቋርጡት። መልሱን ለእህቴ ይንገሯት፤ የአራት ቀን መድኃኒት ለይታ በእጅ ቦርሳዎ ታስገባልዎታለች። ለማሲንቆውም ትርፍ ጭራና ዕጣኑን እንዳይረሱ።

ጤናዎን እየተመኘሁ፣

ልጅዎ