ሰሊጥ ላኪልኝ

አንች፣ እንደምን ነሽ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርጅብኛለሽ፣ ደግሞ አንችም ብትሆኝ ዝም ብለሻል። እንኳን ማርያም ማረችሽ! መውለድሽን ከሰው ነው የሰማሁት፣ ትንሽ ከፋኝ... ግን ይሁን።

የጻፍኩልሽ ስለ ክርስትና ልጅሽ ነው። ጠዋት እህል አልቀምስ አለች። ፍርፍር ባቀርብ እንቁላል ባቀርብ፣ ሻይ ፉት ብላ ውልቅ። ባለፈው ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ዞሮባት ወደቀች፣ ሲደውሉልኝ ከአራዳ እዛ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሐኪም ቤት ደሟ ደህና ነው፣ ቁርስ ትብላ አሉኝ፣ እሽ፣ ግን በምን ላባብላት? ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም ስልሽ።

ከዛ ራሷ ዩቲዩብ ላይ ኢነርጂ ባር የሚሉትን አሳየችኝ፣ ይሄን ብትሰሪልኝ እየሄድኩ እበላለሁ አለች። ሳየው አጃ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ተምር፣ ማር፣ ሁሉም ቅዳሜ ገበያ አለ! አሁን በየሳምንቱ እሰራለሁ። 2 ኩባያ አጃ ሽታው እስኪወጣ አምሳለሁ፣ 1 ኩባያ ለውዝ ቆልቸ ልጣጩን አሽቸ አነፍስና በሙቀጫ ሸክሸክ፣ ግማሽ ኩባያ ሰሊጥ በቀስታ፣ ካረረ ይመራል፣ ተምሩን እከትፈዋለሁ፣ ቁንጥር ጨው። ዋናው ግን ማሩ ነው። ኩባያ የማይሞላ ማር ጥጀ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳደርገው ተሰብስቦ በጣት ከተድበለበለ ደርሷል፣ ከተበተነ ገና ነው፣ እንደ ጠጠር ከሆነ አልፎበታል። ቪዲዮው ላይ 115 ዲግሪ ይላሉ፣ ያ ቆላ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው፣ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፣ እዛ ዲግሪ ድረስ ከጠበቅሽ ይደርቅብሻል፣ ስለዚህ በውሃው ፈትኝው። እንደሞቀ ቀላቅየ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ በብርጭቆ ቂጥ እጠቀጥቀዋለሁ፣ ለብ እንዳለ እቆርጣለሁ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲቆረጥ ይፈረፈራል።

እየበላች ነው! ሁለት ትይዛለች፣ አንዱን ለጓደኛዋ። ተመስገን ነው። ቅቤ የለውም ለጾምም ይሆናል፣ ግን ሮብና አርብ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣው ሰዓቱ እስኪደርስ አትነካውም፣ እሱ ነው አሁንም የሚያሰጋኝ፣ የንስሐ አባቷን ላማክር ወይ እያልኩ ነው፣ አንች ምን ትያለሽ? የክርስትና እናቷ ነሽ እኮ።

እና ሰሊጥ። እዚህ የምገዛው አሸዋ አለው፣ ባጥበው ባጥበው ጥርስ ስር ይንቀጫቀጫል። እናንተ ገንዳ ውሃ አጨዳው ላይ ናችሁ፣ 5 ኪሎ ንጹሕ ነጭ ሰሊጥ በሚመጣ መኪና ላኪልኝ፣ ብሩን በቴሌብር እልካለሁ፣ አልቀበልም እንዳትይኝ። ህዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ ቢደርስልኝ ጥሩ ነበር። ሰርቸ በዛው ሹፌር እልክልሻለሁ፣ ለሕፃኑ ግን እንዳታቀምሽ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አደገኛ ነው፣ እናትሽ በጣቴ ላስነካው ቢሉ እንኳ እንቢ በያቸው። ወንድ ነው ሴት? እሱን እንኳ ማንም አልነገረኝም፣ ስም አውጥታችሁ ከሆነ ጻፊልኝ።