«ማን ሠራላችሁ?» ላልከኝ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ በቁመት እኔን ሊያልፈኝ ነው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው። አማርኛው ግን እንደምታውቀው ነው፤ ይሰማል፣ አይመልስም። የትንሿ የፊት ጥርስ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ልትወረውረው ፈለገች፣ አፓርታማ ሆነብን እንጂ።

ይህን የሚያነብልህ ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ። ያንተም ጉዳይ አለበት።

ባለፈው በስልክ ስለ ልጁ የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ ስነግርህ «ማን ሠራላችሁ?» አልከኝ። እኔም «አይሰማም፣ መስመሩ ተቆረጠ» ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር።

እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አባዬ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ፣ ሰው ማዕበል ላይ ይንሸራተታል። ቆመው የሚሄዱበት ረጅም ሰሌዳ አለ፤ በሆድ ተኝተው የሚሄዱበት አጭር ደግሞ አለ። አጭሩን የሃዋይ ሰዎች ድሮ ከእንጨት ነበር የሚሠሩት፣ ፓይፖ ይሉታል። በፈረንጆቹ 1971 ቶም ሞሪ የሚባል ሰው እዚያው ሃዋይ ውስጥ ከፎም ቆርጦ ሠራው። በምን መሣሪያ መሰለህ? በኤሌክትሪክ የሥጋ ቢላና በልብስ ካውያ! ፎሙ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ተኮሰው። አንተ ብታየው «ይሄም አናጢ ነው?» ትል ነበር።

የእኔው ደግሞ ከቆሻሻ የተነሳ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ ገንዳው አጠገብ፣ ለሁለት የተሰበረ ረጅም ሰሌዳ ተጥሎ አገኘሁ። የፊተኛውን ግማሽ ወሰድኩ። አፍንጫው ሲሠራ ጀምሮ ቀና ያለ ነው፤ ቀና ካላለ ማዕበሉ ሲገፋው ውኃው ውስጥ ይተከላል፣ ልጁም አብሮት። ላዩ ላይ ያለውን ፋይበር ግላስ፣ የመስታወት ክር ልባሱን፣ ገፈፍኩት። አፍንጫና አፌን ሸፍኜ ነበር፤ ክንዴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ አደረ። ስብራቱ ጋ ውኃ የጠጣውን ፎም ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን በረንዳ ላይ አደረቅሁ። ባለቤቴ «ቆራሊው!» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

አሁን ወዳንተ ነገር ልምጣ። ፎሙ መሃል ለመሃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን እንጨት ገብቶበታል፣ እንዳይታጠፍ። ፎሙ በሞረድ ይሄዳል። ትንሽ ከተጫንከው ይጎደጉዳል እንጂ አያስቸግርም። እንጨቱ ግን እምቢ ይላል። ፎሙ ዝቅ ሲል እሱ ብቻውን ከፍ ብሎ ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክል ብትል ግራና ቀኙን ፎም ይበላልሃል፣ እንጨቱ ንቅንቅ አይልም። ትንሽ መላጊያ ነው የሚያዋጣው፤ የተሳለ፣ ለስሙ ያህል ብቻ የሚያነሳ። ገዛሁ። እንደመጣ አይቆርጥም ነበር፣ ሳልኩት። ስለቱን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ሞከርኩት፤ ሳይንሸራተት ያዘ። ይሄን ማን አሳየሽ እንዳትለኝ። ማንም አላሳየኝም። አንተ ስታደርገው አይቼ ነው።

ሰባራ ባቡር፣ ሱቁ ውስጥ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሞራሌ አስጠግቼ መላጊያውን በሁለት እጄ ስገፋ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ወጣልኝ። ቀና ስል አንተ ቆመሃል። አልመታኸኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለህ ከእጄ ወሰድክና «ሴት ልጅ እንጨት አትልግም፤ ሂጂ እናትሽን አግዢ» አልከኝ። በማግስቱ ያንኑ መላጊያ ለወንድሜ አስያዝከው። እሱ የፈለገው ኳስ ነበር። አለቀሰ። ወንድሜ፣ አልቅሰሃል፤ እዚህችም ጋ አትዝለል። እኔ ደግሞ ሰጋቱራ ስጠርግ አደግሁ። ስጠርግ ግን ዓይኔ እጅህ ላይ ነበር።

ጣውላውን አንስተህ ወደ በሩ ብርሃን ታቀናና አንድ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ወዲያው «እዚህ ጋ ጠሟል» ትላለህ። እኔም የኮርኒሱን መብራት አጥፍቼ አንድ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ጉብታውም ጉድጓዱም በጥላው ተጋለጠ። እዚህ የሰሌዳ ባለሙያዎችም ክፍላቸው ውስጥ መብራቱን ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ነው የሚያደርጉት። ጠርዙን ደግሞ በመዳፍ ያውቁታል። ፊት ለፊቱ ክብ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰላል፣ ውኃው ተላቆ እንዲሄድ።

ስኳሩን ከብርጭቆው ውጭ እየጨመርክ ነው አሉኝ። ጣውላም በጣትህ እየዳበስክ ነው የምትገዛው አሉኝ። አባዬ፣ የዓይን ሞራ እኮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሌላ ይተኩልሃል። እኔ የምንከባከባቸው አዛውንቶች ጠዋት ገብተው ከሰዓት ቤታቸው ናቸው። «ከእንግዲህ ምን ላይ ብዬ ነው» አልክ አሉ። እኔን ነዋ! ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬህ ነበር። ወረቀቴ አላለቀም፣ ለክረምት ይሆናል። እስከዚያ ደግሞ አንተ... በቃ፣ ይሄን ልተወው።

ልጁ አሁን ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም አምጥቶ «ለእህቴ ሥሪላት» ይለኛል። ያ ፎም ግን ሌላ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ሰሌዳ የለበጥኩበት ፖሊስተር ሬዚን የሚባል ሙጫ ቢነካው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ኢፖክሲ የሚባለውን ሌላ ሙጫ ነው የሚፈልገው፣ ኢፖክሲ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ትጠብቅ።

ላ ሆያ ሾርስ የሚባል ባሕር ዳርቻ ወሰድነው። አትስጋ፣ ዋና ተምሯል፤ ነፍስ አድኖችም አሉ። ቢጫ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ክብ ያለበት ባንዲራ ከተሰቀለ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሰሌዳ ክልክል ነው፣ ይወጣል። አሸዋው ውስጥ የሚናደፍ ዓሣ ስላለ እግሩን እየጎተተ ነው የሚገባው። እኔ እስከ ጉልበቴ ብቻ፤ ያንተ ልጅ ነኝ፣ ውኃ አላምንም። ነጩ አረፋ ሲደርስበት ሰሌዳው ላይ ተኛ፣ ገፋው፣ እኔን አልፎ አሸዋው ላይ ወጣ። ሲነሳ መጀመሪያ ያደረገው ሰሌዳውን ገልብጦ የተቧጨረ እንዳለ ማየት ነው። አንተን መሰለኝ።

ወንድሜ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዝና ቀኑን ንገረኝ። ብሩን ሰኞ እልካለሁ። ለዓይኑ ነው፣ ለቆርቆሮው አይደለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠብታው ሰዓቱን ጠብቆ ይደረግለት። ዓይኑን እንዳያሸው። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሱቅ ድርሽ እንዳይል፣ ሰጋቱራው መጥፎ ነው።

አባዬ፣ ሱቁን ልትዘጋው ነው ሲሉ ሰማሁ። መጋዙንም፣ መሮውንም፣ ስኳድራውንም ለፈለግከው ስጥ። መላጊያውን ግን እንዳትሸጥብኝ፣ የእኔ ነው። ዝጎም ከሆነ ተወው። ክረምት ላይ ስስለው ቁጭ ብለህ ታየኛለህ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ