ለልጄ ለሐያት፦ ገጹን ግለጪ

ልጄ ሐያት፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ወንድምሽ የነገረኝን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠሽ ማንጋትሽን ተይው፤ እሱን ብመክርሽም አትሰሚኝም። ያስጨነቀኝ ስለ ሁለቱ የጥንት የዐረብኛ ታሪክ ጸሐፊዎች "ኢብኑል አሲር ከጦበሪ ሰርቋል፣ ኪታብ ከኪታብ የሚያስተያየው ፕሮግራም አጋለጠው" ብለሽ ጉባኤ ላይ ልታቀርቢ መሆኑ ነው።

ገጹን ግለጪ እንጂ! ኢብኑል አሲር እኮ በታሪክ መጽሐፉ በ"አልካሚል" መግቢያ ላይ በጦበሪ ታሪክ ላይ እንደተመሠረተ ራሱ ተናግሯል። ጦበሪ የሞተው በ310 ሂጅራ ነው፣ እሱ በ630። ኢስናዱን፣ ማን ከማን እንደሰማ የሚዘረዝረውን፣ አራግፎ፣ ጦበሪ በየተራኪው ለያይቶ የደረደረውን ወሬ አዋህዶ አንድ ወጥ ታሪክ አደረገው። ፕሮግራምሽ መመሳሰሉን አየ፤ መግቢያውን ማን ያንብብለት?

ባለፈው ስታሳዪኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅሽም። ኪታቡን በ300 በ300 ቃል ቆራርጠሽ ቁራጩን ከስንትና ስንት ኪታብ ጋር ስታስተያዪ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ባነብ የማላገኘውን ታገኚያለሽ። የፋይሎቹ ስም በደራሲው የሞት ዓመት መጀመሩንማ፣ 0310 ጦበሪ መባሉን፣ እንዴት እንደወደድኩት! ግን ጽሑፉ ሐረካ፣ አናባቢውን የሚያሳየው ምልክት፣ የለውም። ዐይን፣ ላም፣ ሚም የሚሉትን ሦስት የዐረብኛ ፊደላት ስታስቆጥሪ "አወቀ"ም፣ "አስተማረ"ም፣ "ዕውቀት"ም አንድ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ቁጥሩ አምሮ ሲወጣልሽ፣ በተለይ ያን ጊዜ፣ ገጹን ግለጪ።

ስርቆት ካነሳሽ የራሴን ልንገርሽ። የአያትሽ ኪታብ ቆዳው ሲላላ ጠራዥ ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። "ጫፉን ላስተካክለው?" ሲለኝ አዎ አልኩት። ባመጣው ጊዜ እንደ አዲስ አብረቅርቆ፣ ኅዳጉ ግን ጣት የማያሳርፍ ሆኖ ነበር። አያትሽ እዚያ ላይ ነበር አብረውት ያነበቡትን ደረሶች ስም፣ ቀኑን፣ ከየት ጀምረው የት እንደደረሱ የሚጽፈው። ቁርጥራጩን ብጠይቀው ጠርጎ ጥሎታል። አባቴ ገለጥ ገለጥ አደረገና ዘጋው፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንቺ የምትሠሪበት ፋይልም ከታተመ የተወሰደ ነው፤ አንባቢዎቹ ኅዳግ ላይ የጻፉት የለበትም። ደራሲዎቹን እንጂ ያነበቧቸውን ሰዎች አታገኚበትም። ይህን ጽሑፍሽ ላይ ጻፊው፣ አትፈሪ።

ደግሞ ሥራሽን ሌላ ዲስክ ላይም ገልብጪ። ዛሬውኑ። መነጽርሽንም ለኪ፣ ዓመት አልፎታል። "ሰርቋል" የሚለውን ቃል አውጪልኝ።

የአያትሽን ኪታብ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ጠርዙ ላይ እዚህም እዚያም ግማሽ ፊደል ተርፏል፤ የእኔ ዓይን አልያዘውም። አንድ ስም እንኳ ካወጣሽ በሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ።

አባትሽ