ከአባባ ምራት፣ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለባቲ ወዳጆቻችን የቀረበ የምስጋና መልእክት

የአባባ አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የቅሬው (የእድራችን) ወንበርና ብረት ድስት ተቆጥሮ ከተመለሰ በኋላ ግቢው ጸጥ ሲል ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አብዛኞቻችሁም በዚያች ሌሊት አብራችሁን አድራችኋል፤ ስለዚህ ሕመሙንም ዕለቲቱንም እንደ አዲስ አልተርክም። የምጽፈው ምስጋናዬ በልቤ ብቻ እንዳይቀር፣ በተለይም በለቅሶው ሰሞን አንገቴን ደፍቼ ያለ ቃል የሸኘኋችሁ ሰዎች ዝምታዬን ውለታ እንደ መርሳት እንዳትቆጥሩብኝ ነው።

እኔ ለአባባ የሥጋ ልጅ አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ፍራንክፈርት ያደግሁ፣ ደሴን ከጋብቻዬ በፊት በስም ብቻ የማውቃት ሴት ነኝ። አባባ በታመሙ ጊዜ ባለቤቴ ሥራውን ቢለቅ የመድኃኒቱም የቤቱም ወጪ የሚቆም ስለነበር እሱ ቀረ፣ እኔ ግንቦት 2014 ሁለት ልጆቼን ይዤ መጣሁ። ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፈን፣ ከኮምቦልቻ በላይ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ልጆቼ እርስ በርስ በጀርመንኛ እያወሩ ነበር። የምንሄደው ለእነሱ ባዕድ አገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ከዚያ ብዙ አይለይም ነበር። የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም አንደበታቸው ተይዟል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ በወጉ ከካህናት፣ ከሽማግሌዎችና ከቅሬው ዳኛ መጀመር እንደሚገባው አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ጀምሬው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳላስበው ከግድግዳው ወዲያ ወዳለችው ጎረቤታችን ሄድሁ። ስለዚህ ይቅርታችሁን ጠይቄ ከእሷ እጀምራለሁ። ስሟን አልጽፍም። ላመሰግናት እንዳሰብሁ ስነግራት “ስሜን ካነሳሽ አጅሬን፣ ከአላህ የማገኘውን ምንዳ፣ ታጎድይብኛለሽ” ብላ ስለከለከለችኝ ቃሏን አከብራለሁ፤ የሰፈራችን የሆጤ ሰው ግን ማን እንደሆነች ሳልነግረውም ያውቃል።

እኔ ስመጣ ስለ ሕመምተኛ የማውቀው ያነበብሁትን ብቻ ነበር። አንድ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው በተኛበት እንደሚቆስል አንብቤያለሁ፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ ከዚያም በአሥር ሰዓት ተነስቶ፣ ከራስ የሚከብድን ሰው ሳያሳምሙ ማዞርን ግን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የገዛ እናቷን ስድስት ዓመት አስታማለች። አንሶላውን አጥፎ ከወገባቸው ሥር አሳልፎ ለሁለት መሳብን፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አድርጎ የታጠፈ ጋቢ ማስገባትን፣ ቀና አድርጎ አስቀምጦ አጥሚቱን በትንሽ ማንኪያ፣ የቀደመው እስኪዋጥ እየጠበቁ ማጉረስን፣ ካጎረሱም በኋላ ቶሎ አለማስተኛትን አሳየችኝ። “አትቸኩይ ሙሽሬ፤ ቀጭኑ ነው የሚያንቀው፣ ወፈር አድርጊው” ትለኝ ነበር። በኋላ የመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የአባባን ጀርባ ገልጦ አንዲት ቁስል ባጣ ጊዜ የት እንደተማረች ጠየቃት። “እናቴ ላይ” ብላ መለሰችለት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይተወኝም። በመጀመሪያው ወር አባባን የማናግራቸው እየጮኽሁ ነበር፤ መናገር ያቃተው ሰው መስማትም ያቃተው መስሎኝ። ሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር፣ ማንም ግን ምንም አላለኝም። አንድ ጠዋት እሷ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና “የጋሼ ጆሮ ደህና ነው፤ ሁሉን ይሰማል። የተዘጋበት መውጫው ነው” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ አባባም ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸውን ተዉ።

አባባ ሾፌር ነበሩ። ከ25 ዓመት በላይ በፊያት ከነተሳቢው የአሰብን መስመር ተመላልሰውበታል፤ ያቆሙትም በ1990 ጦርነቱ መንገዱን በዘጋው ጊዜ ነው። ፍራንክፈርት ሳለሁ በየእሑዱ ይደውሉልኝ ነበር፤ ከሰላምታው ቀድሞ የሚመጣውም “መንገዱ እንዴት ነው?” የሚለው ጥያቄያቸው ነበር። ሥራ ባጣሁበት ክረምትም፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁም፣ እናቴን በቀበርሁ ሰሞንም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፤ እኔም በሌላ ቃል ለማንም የማልነግረውን ሁሉ በዚያች ጥያቄ በር ገብቼ እነግራቸው ነበር። አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ በመሆኔ እንዲህ ሆኖ የጠየቀኝ ወንድ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ወደ ደሴ ያመጣኝም፣ ብዙዎቻችሁ እንዳመሰገናችሁኝ ጽድቅ ፍለጋ ሳይሆን፣ እሑድ መጥቶ ስልኩ ዝም ማለቱ ነው።

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። እሑድ ማታ ቡና የምናፈላው አባባ ካሉበት ክፍል ነበር፤ ይህም የእሷ ሐሳብ ነው፤ ቆሎውና ጭሱ ሳይቀር አልጋቸው አጠገብ እንዲሆን ትፈልጋለች። አንድ እሑድ ቶናው እየተቀዳ ሳለ “ነገ ሰኞ አይደል፤ ባቲ ገበያ ልወርድ ነው” አለችኝ። የተናገረችው ለእኔ ነበር። ከአልጋው በኩል ግን “ሚሌ” የሚል ድምፅ ሰማን። አባባ ከታመሙ ጀምሮ ከ“አይ” በቀር ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። እኔ ሲኒውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ግን ሳትጮኽ፣ ሳትነሳ፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ “ከሚሌስ በኋላ?” አለቻቸው። “ሎግያ” አሉ። ከዚያ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያሉ ቀጠሉ፤ አሰብ ሲደርሱ በግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ የፍሬን አየር እንደሚያስተነፍስ ሰው ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። እንባዬን ላለማሳየት ወደ ደጅ ወጣሁ።

የጤና ባለሙያው በማግሥቱ እንዳስረዳን፣ በእንዲህ ያለ ሕመም ንግግር ሲያዝ በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ዜማና በተራ የሚቆጠር ነገር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አቡነ ዘበሰማያትም ጥቂት ቆይቶ በዚያው አኳኋን ተመለሰላቸው። ከዚያች ማታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ፣ እሷ ከመተኛቷ በፊት በራችንን ከፍታ “ኮምቦልቻ” ትላለች፣ አባባ “ባቲ” ይላሉ፣ ልጆቼ አንድ አንድ ከተማ እየተቀባበሉ አሰብ ያደርሷቸዋል። ጀርመንኛ እያወሩ የመጡት ልጆቼ አማርኛቸውን የጨበጡት በዚህ መስመር ላይ ነው።

የንስሐ አባታቸው ከጾም ቢፈቷቸውም አባባ በረቡዕና በዓርብ ወተት ሲቀርብላቸው አፋቸውን ይገጥሙ ነበር። እኔ ቀን እየተምታታብኝ እርሳለሁ፤ እሷ ግን ከግድግዳው ወዲያ ሆና “ሙሽሬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ወተቱን አቆዪው” ትለኛለች። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጾማ ውላ፣ አዛን ሲል አንዲት ተምር ቀምሳ፣ የገዛ ቤቷ ማዕድ እየጠበቃት መጀመሪያ የአባባን እራት ልታጎርስ ትመጣ ነበር። ይህን ያደረገችው በሁለት ረመዳኖች ነው።

ለምን ይህን ሁሉ እንደምትሆንላቸው አንድ ቀን ጠየቅኋት። በ1977 ድርቅ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ይዛ ባቲ መጠለያ ገባች፤ ወንድሟ እዚያው ቀረ። አባባ ያን ጊዜ ከአሰብ ወደብ የእርዳታ እህል ያመላልሱ ነበርና፣ እናትና ልጅ ደሴ ዘመድ ፍለጋ ሲነሱ ጋቢና ውስጥ አሳፍረው አመጧቸው። ዘመዱ አልተገኘም። ነፍሷን ይማርና አማቴ የዚህን ግቢ ሰርቪስ ቤት ከፍታ አስገባቻቸው፤ ጊዜው ሲሻሻልም ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን ቤት ተከራይተው እዚያው ኖሩ። ይህን ሰምቼ “ታዲያ ውለታ መመለስሽ ነው?” ብላት ተቆጣችኝ። “ውለታ የሚመለሰው ለባዕድ ነው” አለችኝ። አባባ ስለዚህ ጉዳይ ለእኔም ሆነ ለልጃቸው አንድ ቀን ተንፍሰው አያውቁም።

እህቴ ሆይ፣ አጅርሽ እንዳይጎድል ስምሽን ትቻለሁ፤ የሠራሽውን ግን መተው አልቻልሁም። ይቅር በዪኝ።

የሰፈራችን ቅሬ አባላት፣ ድንኳን የተከላችሁ፣ እንጨት የፈለጣችሁ፣ እንጀራ የጋገራችሁ እናቶችና እህቶች፣ መስጊድ ሰግዳችሁ ወይም ቅዳሴ አስቀድሳችሁ መጥታችሁ መቃብሩን በአንድነት የቆፈራችሁ ወጣቶች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የደሴ መድኃኔዓለም ካህናት፣ እንዲሁም ግቢያችን ድረስ መጥታችሁ ዱዓ ያደረጋችሁልን ሸኾች፣ ጸሎታችሁ አጽናንቶናል። በሕክምና የረዳችሁን ሐኪሞችና ነርሶች ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

ባለቤቴ ሁለት ወር ከአባቱ ጋር ከርሞ በተመለሰ በአሥረኛው ቀን ነው ይህ የሆነው። ልጁ በሌለበት አስከሬኑን በተራ የተሸከማችሁ የድሮ የአሰብ መስመር ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከሚሌም ጭምር ሌሊቱን ነድታችሁ የደረሳችሁ አባቶቼ፣ እሱ በስልክ ለቅሶውን ሲሰማ የእያንዳንዳችሁን ድምፅ ለይቶ እየጠራ ነበር፤ ይህን እንድነግራችሁ አደራ ብሎኛል። ባለቤቴንም ላመሰግን እወዳለሁ፤ አባትን ከሩቅ ሆኖ ማስታመም እዚህ ሆኖ ከማስታመም እንደሚከብድ አይቻለሁ። የኮምቦልቻዋ እህታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗ ሳይከደን በታክሲ እየመጣች፣ እኔን “አንቺ ተኚ” እያለች ያሳለፈቻቸውን ጠዋቶች አልረሳም። ሦስት ሌሊት ያመላለስከን ባለ ባጃጁ ልጅ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብለህ ሄደሃልና ቢያንስ ምስጋናዬን ተቀበል። በፍራንክፈርት ያላችሁ ወገኖቻችንም እንደዚሁ። ይህን ደብዳቤ አንብበው ፊደሌን ላረሙልኝ ጡረተኛው መምህርም አክብሮቴ ይድረስ።

ስማቸውን ወይም ሥራቸውን ያላነሳኋቸው ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የለቅሶ መዝገቡን ሳገላብጥ እንኳ መምጣታችሁን ከዚያ ያወቅሁባችሁ አላችሁ፤ ያን ሰሞን ዓይኔ ሰው አይለይም ነበርና እባካችሁ ቅር አትሰኙብኝ። በተለይ በነሐሴው ጉም አንድ ማለዳ ከደጃችን አንድ ማሰሮ እርጎ አስቀምጣችሁ የሄዳችሁ፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሆናችሁ አላወቅሁም። አባባ እርጎውን ወደውት ነበር።

ሰማኒያው ጥር ከማለቁ በፊት ይወጣል። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ጠቅልሎ ስለሚመጣ ልቀበለው ልጆቹን ይዤ ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። በዚያ መካከል ከሩቅ መጥታችሁ በራችንን ዝግ ብታገኙት እንዳትመለሱ። ቁልፉ ከግድግዳው ወዲያ ካለችው ቤት ነው፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል።

የአባባ ምራት
ደሴ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.