ያለፈ ፈተና ምን ምስጢር አለው?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጋዜጣችሁ ስለ ቀጠሮ መብዛትና ስለ ጠበቃ ክፍያ መወደድ ደጋግሞ ሲጽፍ አያለሁ። ደግ አደረጋችሁ። ወደ ሙያው መግቢያ በር ላይ ስላለው ጣጣ ግን ሰው ሲናገር ስላልሰማሁ እኔ ልጻፍ ብዬ ነው። የጥብቅና ፈቃድ ፈተናን ማለቴ ነው። በተለይ ዝግጅቱን።

ፈተናው ሊቃረብ ሲል ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል። ከዚያ ጥያቄ ከነመልሱ በፒዲኤፍ መለቀቅ ይጀምራል። ግማሹ በነጻ ነው፤ ግማሹ "ሙሉውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር" እየተባለ በብር ይሸጣል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅ፣ መቼ እንደተዘጋጀ አይታወቅ። "ከፈተናው የወጣ ነው" ከተባለ በቃ። ፍርድ ቤት ቆሞ "ይሄ ሰነድ ማኅተም የለውም፣ ይሄ ኮፒ ከዋናው ጋር አልተመሳከረም" እያለ የሚቃወም የሕግ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም ነው።

በቀደም አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንዱን ከፍቶ አሳየኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ክፍል ላይ "የሙከራ ጊዜ ከስንት ቀን መብለጥ የለበትም?" የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ በቢጫ ተቀልሟል፣ 45 ቀን። 45 ተከታታይ ቀን የነበረው እኮ በአዋጅ 377/1996 ነው። ያ አዋጅ ተሽሮ በ2011 አዋጅ 1156 ከወጣ ወዲህ 60 የሥራ ቀን ሆኗል። ትንሽ ዝቅ ስል የወሊድ ፈቃድ መጣ። ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይላል። አሁን 90 ነው። ወደ ንግድ ሕግ አለፍኩ። "ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ስንት ሰው ያስፈልጋል?" ሁለት፣ ይላል መልሱ። በ1952ቱ ሕግ ልክ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ 1243 ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ደግሞ አዲሱ ሕግ ወጣ ማለት የ1952ቱ ሙሉ በሙሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ሐዋላ ወረቀት፣ ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ አሁንም የድሮዎቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ያ ፒዲኤፍ የት ያውቀዋል?

ልጁን "ይሄን ለምን ታነባለህ?" አልኩት። "ጋሼ፣ ሁሉም የሚያነበው እሱን ነው እኮ" አለኝ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ፈተና የወደቀ ሰው ሲነሳ ወዲያው "የዘንድሮ ልጅ አያነብም" የሚል አስተያየት ይከተላል። ይሄ ልጅ አምስት ዓመት ሕግ ተምሯል። የመውጫ ፈተና ተፈትኗል፤ ለሌሎች ትምህርት ክፍሎች በ2015 ሳይጀመር በፊት የሕግ ተማሪ ለዓመታት ሲፈተን የኖረውን ማለት ነው። ከዚያ ሠርቷል። ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳውን ቆሞ እየበላ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሲሮጥ ነው የሚውለው። ለማጥናት የሚተርፈው ማታ ነው። ለጥናት ፈቃድ ውሰድ ብትሉት ይስቅባችኋል፤ እዬዬም ሲደላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባለችው ሰዓት ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት የሚነግረው አካል ሲያጣ የቴሌግራሙን ቢይዝ ምን ይገርማል?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ የድሮ የመልቀቂያ ጥያቄ ተጠርዞ ከመጽሐፍ መሸጫ ይገዛል። መምህሩም ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሠራለታል። ዲግሪ ይዞ ዓመታት የሠራ ሰው ግን የነገ እንጀራውን ለሚወስነው ፈተና ያለፈው ምን ይመስል እንደነበር ከሰሚ ሰሚ ነው የሚሰማው። እኔ በጊዜው ከፈተናው አውጪ የወጣ ያለፈ ጥያቄ ከነመልሱ ፈልጌ አጥቻለሁ። ውጤት ሲመጣም የተነገረኝ ማለፌ ብቻ ነበር፣ ለወደቁት ደግሞ መውደቃቸው። የት ጋ እንደወደቁ ማን ይንገራቸው? ሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው? ውል ላይ ነው? ወይስ የጻፉት የክስ ማመልከቻ ነው የጣላቸው? ይህን ሳያውቅ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅ ሰው ያው የለመደውን ደግሞ ያነባል።

ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ነጋዴ ይገባል። "ፈታኞቹ ምን እንደሚወዱ አውቃለሁ" የሚል አሠልጣኝ አይጠፋም። በእውነት የሚያስተምሩ፣ ቅዳሜያቸውን ሰጥተው የልጆቹን ጽሑፍ እያረሙ የሚመልሱ እንዳሉም አውቃለሁ፤ እነሱን አልነካም። ግን ገንዘብ ከፍሎ የሚገባው ሰው ሁለቱን በምን ይለያቸዋል? ማወዳደሪያ የሚሆን ይፋ ነገር እኮ የለውም።

"ጥያቄው ከወጣ ሰው ሸምድዶ ያልፋል" የሚሉ አሉ። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ጠበቃም እንዲህ ብለውኛል። እሺ፣ አሁንስ ምን እየተደረገ ነው? መሸምደዱ እንደሆነ አልቀረም፣ የሚሸመደደው የተሳሳተ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እዚህ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አሜሪካ ማስተርሷን ሠርታ የካሊፎርኒያን የጠበቆች ፈተና ስትወስድ የመጀመሪያ ሥራዋ ያለፉትን የጽሑፍ ጥያቄዎች ፈተናውን ከሚሰጠው ከስቴት ባሩ ድረ ገጽ ማውረድ ነበር። ጥያቄው ብቻ አይደለም፤ ተፈታኞች ከጻፉት ውስጥ የተመረጡ መልሶች አብረው ይወጣሉ። ኒው ዮርክም ያለፉ የጽሑፍ ጥያቄዎችን ከናሙና መልስ ጋር ሲያወጣ ኖሯል። የካሊፎርኒያ ፈተና ቀለለ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እንዲያውም በከባድነቱ ነው የሚታወቀው።

ቁም ነገሩ የሚጠየቀው ምን ዓይነት ነገር ነው የሚለው ላይ ነው። የሽምደዳ ጥያቄ ከሆነ አዎ፣ ማውጣቱ ያበላሸዋል። የጥብቅና ጥያቄ ከሆነ ግን ቢወጣም አይበላሽም። አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ከራሴ ያወጣሁት ነው፣ ከየትም ፈተና አልወሰድኩትም። ከበደ ለአልማዝ 300 ሺህ ብር አበደርኩ ብሎ ከሰሰ። ገንዘቡ መመለስ የነበረበት ከ12 ዓመት በፊት ነው። አልማዝን ወክላችሁ የመከላከያ መልስ ጻፉ።

ፒዲኤፍ ያነበበው ወዲያው ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። አልተበደረችም፣ ብትበደርም ከፍላለች፣ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የሷ አይደለም። ገጹ ይሞላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ ቀኑን ይቆጥራል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 አሥር ዓመት ይላል። ስለዚህ ይርጋ አለ፤ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል። እዚህ ጋ ብዙው ሰው ይደርሳል እንበል። ቀጥሎ 1856(2) አለ፤ ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አንስቶ ክሱን ውድቅ ማድረግ አይችልም፣ ተከሳሽ ካላነሳው ዳኛው እያየው ያልፈዋል። ታዲያ የት ነው የሚነሳው? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ 244(2) ላይ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንዱ ነው። በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል፣ 244(3)። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ አለ። አልማዝ በመሃል የተወሰነ ብር ከፍላ ቢሆንስ? ያኔ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1851 ይመጣል፤ ዕዳውን ማመን ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ መልሱ ላይ "ከፊሉን ከፍላለች" ብሎ የጻፈ ጠበቃ የደንበኛውን ይርጋ በገዛ እጁ ገደለው ማለት ነው! ይርጋው ባይሠራ እንኳ 2472 አለ፤ ከ500 ብር የበለጠ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፣ ጽሑፍ ወይም የተበዳሪው እምነት ወይም መሐላ ይፈልጋል። ከበደ ያቀረበው ምስክር ብቻ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው።

ይህን ጥያቄ ነገ ጋዜጣችሁ ላይ አትሙት። የሚመጣው ዓመት ላይ ብድሩን በቤት ሽያጭ፣ 12 ዓመቱን በ8 ዓመት ለውጡት። የዘንድሮውን መልስ የሸመደደ ሰው ምን ይጠቅመዋል? አስቦ የሠራው ግን ይጠቀማል። ፈተና የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

የቤት ሽያጭ ካልኩ አይቀር ስለ ሰበር፣ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ስለሚያርመው የመጨረሻ ችሎት፣ ትንሽ ልበል። ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል፤ በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234ም ይህንኑ ይዟል። ውሳኔዎቹ የታተሙባቸው ቅጾች ከ20 በላይ ሆነዋል። ስለ ቤት ሽያጭ ውል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን ብቻ አንብቦ የገባ ሰው ታሪኩን ግማሽ ነው የሚያውቀው። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ላይ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ያልቀረበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ተባለ። በኋላ ደግሞ ሻጩ መሸጡን ካልካደ ነገሩ ሌላ ነው የሚል ፍርድ መጣ። ተፈታኙ የትኛውን ይጻፍ? እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱንም፣ የቱ በምን ፍሬ ነገር ላይ እንደተሰጠ ለይቶ። ፈታኙ ግን እንዲህ የጻፈውን እንዴት እንደሚያርመው ማን ያውቃል?

ለሚዘጋጁት ወንድሞቼና እህቶቼ ከልምድ የምለው ብዙ አይደለም። አዋጅ ስትይዙ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ፤ "የተሻሩ ሕጎች" የምትለዋን አንቀጽ ካያችሁ ከግማሽ በላይ ፒዲኤፍ በራሱ ይወድቃል። ነጋሪት ጋዜጣውን ራሱን ያዙ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የተጠረዘውን ጥራዝ አትመኑ፣ ማሻሻያው ብዙ ጊዜ ውስጡ የለም። እና ጻፉ። በእጅ ጻፉ። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ቢሮ ደግሞ በኮምፒውተር ከድሮ ፋይል እየገለበጥን፣ ባዶ ወረቀት ላይ "ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት" ብሎ መጀመር ስንቱን እንደሚያስጨንቀው አይቻለሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንዱ ክስ፣ አንዱ መልስ ይጻፍና ተለዋውጣችሁ ተራረሙ። ያለ ርኅራኄ።

ከፈተና አውጪዎች የምጠይቀው ግን የተፈታኙን ጉብዝና የሚተካ ነገር አይደለም። ፌዴራልም ይሁን ክልል፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ሁሉ ፈተናው ካለቀ በኋላ ጥያቄውን ያውጣ። ለጽሑፉ ክፍል ጥሩ የተባሉ ሁለት መልሶች፣ ስም ተሰርዞ፣ አብረው ይውጡ። ፈተናው የሚመለከታቸው ሕጎች ዝርዝር ከነቁጥራቸው ይነገር፣ እስከ መቼ የወጣው ሕግ እንደሚካተትም ቀኑ ይጻፍ፤ ሕግ በየዓመቱ በሚቀየርበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወደቀውም በየክፍሉ ያገኘውን ውጤት ይወቅ። የ2013ቱ የጥብቅና አዋጅ 1249 የቆየውን አዋጅ 199/1992 ሽሮ ሲመጣ የጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል፣ ጥብቅና በድርጅት እንዲሠራም በር ከፍቷል። እንዲህ ያለ ሰፊ ለውጥ የተደረገበት ሙያ አንድ ፋይል ድረ ገጽ ላይ መጫን ያቅተዋል ብዬ አላምንም። በጀት የለም ከተባለ ደግሞ የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ነው። ቴሌግራም ላይ በነጻ ይጫናል፤ ልጆቹ እንደሆነ እዚያው ናቸው።

እናንተም ጋዜጠኞች ናችሁና ደውላችሁ ጠይቁልን። ያለፈው ፈተና ለምን እንደማይወጣ ምክንያት ካለ እንስማው። መልስ ካገኛችሁ እዚሁ አምድ ላይ አትሙት፤ ካላገኛችሁም ጠይቀን አልተመለሰልንም ብላችሁ ጻፉ።

ጠበቃ አንባቢያችሁ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ